ሰርቨሩን ሳያጠፉ ፓወር ሰፕላይና ፋን መቀየር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሰርቨርሽ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች (ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ሣጥኖች) አንዱ ቢጫ መብራት አብርቷል፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊችም ፋን ተበላሽቷል ይላል። ሳላጠፋ መቀየር እችላለሁ ወይ ነው ያልሽው። አዎ፣ ትችያለሽ። ግን የተበላሸውን ከመንካትሽ በፊት ደህና ነው የምትይውን በደንብ እዪው።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። በፊት የምሠራበት ቦታ እንዲሁ ልቀይር ሄድኩ። ሁለተኛው አረንጓዴ ስለነበር የተበላሸውን ገመድ ሳብኩት። ለካ ሁለቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ነው የተሰኩት። ዲቫይደሩ ሲነቃነቅ የላላው የጤነኛው ሶኬት ተነቀለ። ያ ሁሉ የፋን ጩኸት በአንዴ ጭጭ ሲል የተሰማኝ ድንጋጤ እስካሁን አይረሳኝም። ሒሳብ ክፍል ከሰዓቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ዋለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ከራኩ (ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ) ኋላ ሂጂና እያንዳንዱን ገመድ በእጅሽ እየተከተልሽ እስከ ሶኬቱ ድረሺ። ቢቻል አንዱ ከአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ)፣ ሌላው ከሌላ ይሁን። ከዚያ ሰርቨሩ ስንት ዋት እየበላ እንደሆነ እዪ። ቢጫ መብራት ሁልጊዜ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ገና ጭነት ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ 600 ዋት እየበላ የሚቀረው ፓወር ሰፕላይ የሚችለው 500 ዋት ብቻ ከሆነ፣ የተበላሸውን ስትነቅዪ ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። ከኋላ ሲታዩ ሰርቨሮች ሁሉ ስለሚመሳሰሉም የትኛው ያንቺ እንደሆነ የሚያሳየውን መለያ መብራት አብሪው።

ስታወጪው ገመዱን ቀድመሽ ንቀዪ። መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቂ። መቆለፊያውን ተጭነሽ በእጀታው ሳቢው፤ በሌላ እጅሽ ከሥር ደግፊው፣ ይከብዳል። ሣጥኑን በፍጹም እንዳትከፍቺው። ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አዲሱ ዋቱም ዓይነቱም አንድ ይሁን። ቀጭ እስኪል ግፊው፣ ገመዱን መጨረሻ ላይ ሰኪ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመያዣው ቀለም ላይ ነው። ዴል ሰርቨር ላይ ብርቱካናማ መያዣ ማለት እየሠራ ይነቀላል፣ ሰማያዊ ማለት አጥፊው ማለት ነው። ሲስኮ ኔክሰስ ስዊች ላይ ግን ቀለሙ የሚናገረው ስለ አየር ነው። ሰማያዊው አየሩን በኔትወርክ ገመዶቹ በኩል ያስወጣል፣ ወይን ጠጁ በዚያው በኩል ያስገባል። ሁለቱን ካቀላቀልሽ አንዱ የሚያስወጣውን ሌላው ይመልሰዋል፣ ስዊቹም ይግላል። ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ፋን ስላለው ቀለሙ ከፋኖቹ ጋር መግጠም አለበት። መጋዘን ውስጥ የተገኘውን አንስቶ መግጠም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፋኑን ስትቀይሪ አዲሱ ከካርቶኑ ወጥቶ አጠገብሽ ይሁን። አሮጌውን ትንሽ ሳብ አድርጊና ምላጩ መሽከርከሩን እስኪያቆም ጠብቂ፤ ጣት ይቆርጣል። ቦታውን ክፍት አድርገሽ ቡና ልጠጣ ብለሽ እንዳትሄጂ። አየሩ በቀዳዳው በኩል አቋርጦ ይሄዳል፣ አንዳንድ ስዊች ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ስንት ደቂቃ እንደሚታገስ የሞዴሉ ማኑዋል ላይ አለ። የሰርቨር ፋን ከሆነ ክዳን መክፈት ሊጠይቅ ይችላል። ዴል ክዳኑ ተከፍቶ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ይመክራል። አንዳንድ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሳይጠፋ ፋን አይቀየርም።

የስዊቹን ሞዴልና የፋኑን እጀታ ቀለም ጻፊልኝ፤ ከመግዛትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።