መልስ፦ የተበዳሪው ስም በመታወቂያውና በንግድ ፈቃዱ ላይ ቢለያይስ?

ጤና ይስጥልኝ። በመታወቂያው «ፀጋዬ ኃይለ ሥላሴ»፣ በንግድ ፈቃዱ «ጸጋየ ሀይለስላሴ» የተባለውን ተበዳሪ በመያዣ መዝገቡ (ለብድር ዋስትና የተያዘ የሚንቀሳቀስ ንብረት በሚመዘገብበት) በየትኛው ስም ልመዝግበው ብለው ለጠየቁት፦ በመታወቂያው፣ ክፍተቱም ሳይቀር እንደተጻፈው። ለእኛ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ፀ» እና «ጸ» አይተዋወቁም።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንድ አበዳሪ ተቋም ስሠራ አንድ ወፍጮ በመያዣነት ቀረበልን። የባለወፍጮውን ስም በተበዳሪዎች ዝርዝራችን ፈለግን፤ ባዶ ነው። ብድሩን ከለቀቅን በኋላ ነው የራሳችን ሌላ ቅርንጫፍ በዚያው ወፍጮ ቀድሞ እንዳበደረ የታወቀው። በአንዲት ፊደል! (አለቃችን ለሳምንት ያህል ሰላምታ ነፍገውናል።)

አሜሪካኖች ይህን ክርክር ስለሰለቹ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኞቹ ግዛቶች የግለሰብ ስም በመንጃ ፈቃዱ እንዳለው እንዲመዘገብ ደንግገዋል። በእኛም አገር ስለሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በአበዳሪዎች መካከል ቅድሚያ የሚሰጠው በመሠረቱ ቀድሞ ላስመዘገበው ስለሆነ ፍለጋው ቀልድ አይደለም። ስሙን በሁሉም አጻጻፍ ይፈልጉ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንም ያመሳክሩ። ተበዳሪው ድርጅት ከሆነ ደግሞ በበሩ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ትተው የንግድ ምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ይመልከቱ።