መልስ፦ ኮድ ለማይጽፍ ሰው ነጻ ሶፍትዌር ምን ይሠራለታል?

ወንድሜ፣ «ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ) ማይክሮሶፍት ኦፊስ በነጻ እየሠራልኝ፣ ኮድም ሳልጽፍ፣ ነጻ ሶፍትዌር ምን ያደርግልኛል?» ብለሃል። «በነጻ» እና «ነጻ» ይለያያሉ። በነጻ ማለት ያለ ክፍያ ነው፤ ነጻ ሶፍትዌር ማለት ግን ማንም ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን) አይቶ ሊቀይረውና ለሌላ ሊያካፍለው የሚፈቀድለት ነው። ያንተ ኦፊስ ገንዘብ አላስወጣህም እንጂ ነጻ አይደለም። ማን ምን እንደጨመረበትም አታውቅም።

እኔ አንዴ ከሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ክራኩን በፍላሽ አስገልብጬ መጣሁ። በማግስቱ በቫይረስ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ! የመመረቂያ ጽሑፌ የተረፈው ለጓደኛዬ በኢሜይል ልኬው ስለነበር ነው። (ልጁ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።)

ከዚያ ወዲህ እንደ ኦፊስ የሚሠራውን ነጻ ሶፍትዌር፣ ሊብሬኦፊስን ነው የምጠቀመው። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሜኑውም አማርኛ ይሆንልሃል። አንዳንዴ ሰንጠረዥ ያዛባል፣ አልዋሽህም።

ኮድ አለመቻልህ ችግር የለውም። አንተ ባታነበው ሌላው ያነበዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕንኦፊስ ከሚባለው ሌላ ነጻ የኦፊስ ፕሮግራም ሠሪዎች ብዙዎቹ፣ ፕሮግራሙን በያዘው በኦራክል ኩባንያ አያያዝ ሲከፋቸው ኮዱን ይዘው ወጡና ሊብሬኦፊስን ጀመሩ። ተጠቃሚውም ፋይሉን እንደያዘ ቀጠለ። ኮዱ የተዘጋ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር።

ለመሞከር ኦፊስህን ማጥፋት የለብህም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይጫናሉ። ብቻ ከራሱ ከሊብሬኦፊስ ድረ ገጽ አውርደው፣ ከሰው ፍላሽ እንዳትቀበል።