«ሁሉም ተሠርቶ አልቋል» ላሉት አባትሽ

ሲቪል ምህንድስና ልትጨርሺ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ልብሽ ያለው ከውሃ በተነጠቀና በዳይክ፣ ማለትም በአፈር ግድብ፣ በሚጠበቅ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። አባትሽ ደግሞ «እሱ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው ጥገና ነው፤ ሕንፃ ላይ ግቢ» አሉሽ።

ይህን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ዕድሜዬን የሠራሁት ፓምፕና ቦይ ጥገና ላይ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ የቤምስተር ሐይቅ ደርቆ እርሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1612 ነው። ዛሬም ፓምፑ ቢቆም መሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቅነቱ ይመለሳል። ረግረግ በነበረበት ቦታ ደግሞ ውሃው ሲወጣ አፈሩ አየር ያገኘዋል፣ ይበሰብሳል፣ መሬቱም ይወርዳል። ከዓመት ዓመት ከበለጠ ጥልቀት መቅዳት ነው። ታዲያ አለቀ የሚባለው የቱ ነው?

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ውሃው ሞልቷል፤ አንቺ በደረቁ በኩል የዳይኩን ግርጌ ተከትለሽ ትሄጃለሽ። ሣሩ መሃል ትንሽ ምንጭ ትፈልቃለች። ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ምልክት አድርገሽ ትከታተያለሽ። አሸዋ ይዞ ከወጣ ግን ከሥር እየተቦረቦረ ነው። አፉን አትደፍኚም፤ ቢደፈን በሌላ በኩል ይወጣል። ዙሪያውን የአሸዋ ከረጢት ደርድረሽ ውሃው ውስጡ ከፍ እንዲል ታደርጊያለሽ፤ ያኔ ግፊቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቪልኒስ በተባለች የኔዘርላንድስ መንደር ዳይክ የተናደው ደግሞ በድርቅ ነው። አፈሩ ደርቆ ቀለለ፤ የቦዩ ውሃ ገፍቶ አንሸራተተው። ይህን ቀድሞ ማየት የሚችል ሰው ነው «ጠጋኝ» የሚባለው።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሽሽም፤ ሕንፃ መጀመሪያ ላይ የተሻለ ሊከፍል ይችላል። ግንባታ ሲቀዘቅዝ ግን አዲስ ተቀጣሪ ቀድሞ ይሰናበታል። ኔዘርላንድስ ያሏት 21 የውሃ ቦርዶች፣ ማለትም ውሃን የሚያስተዳድሩ የአካባቢ ተቋማት፣ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ ለዳይክና ለፓምፕ የሚሆነው ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነው። አባትሽ የወንድምሽን የትምህርት ክፍያ ከመጀመሪያ ደሞዝሽ ትሸፍኛለሽ ብለው መጠበቃቸው ግን ልክ አይደለም። ልጁን የማስተማር ኃላፊነት የሳቸው ነው፤ የምትችዪውን አግዢ፣ ሙያሽን ግን በዚያ አትምረጪ።

ሒሳብ ይከብደኛል ላልሽው፣ የአፈር መካኒክስና የሃይድሮሊክስ ደብተሮችሽን እንደገና አውጪ። ሴት መሆኔ ያስቸግረኛል ወይ ላልሽው፣ ዳይኩ ማን እንደፈተሸው አይጠይቅም።

ኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ ያለው የአይኤችኢ የውሃ ትምህርት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ከማመልከትሽ በፊት ግን አንድ ሁለት ዓመት ፓምፕ ጣቢያ ወይም የመስኖ ቦይ ላይ ሥሪ። ማመልከቻሽ ላይ የምትጽፊው ነገር የምታገኚው እዚያ ነው።