ካሮት በጓሮ፦ ጠይቃችሁ ነበር፣ መልሱ ይኸው

በጓሮ ካሮት የምትዘሩ፣ የቸገራችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጎርፍ ሆኖ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ዘሩን ከዘራሁ አስር ቀን ሆነኝ። ውሃ አላቋረጥኩም፤ ግን ወፍ የለም። ዘሩ አርጅቶ ይሆን?

መ፦ አይዞሽ፣ ገና ነው። ካሮት አይቸኩልም። አፈሩ ሞቅ ካለ በሳምንት ይበቅላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን እስከ 3 ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። እኔ ከዘሩ ይልቅ አፈሩን ነው የምጠረጥረው። እስኪ በጣትሽ ነካ አድርጊው። ላዩ ቅርፊት ከያዘ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት አቅቶት ይሆናል። የካሮት ዘር ደቃቅ ስለሆነ የሚቀበረው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያቺ ስስ አፈር ደግሞ በቀትር ፀሐይ ቶሎ ትደርቃለች። ውሃ ጠጥቶ መንቃት የጀመረ ዘር ከደረቀ አለቀለት።

በሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ከመዝራትሽ በፊት መደቡን በደንብ አጠጪ። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በመስመር በትኚው፤ አንድ ቦታ አይከመርም። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሺውና ጠዋት ማታ ጆንያው ላይ አርከፍክፊ። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ገለጥ እያደረግሽ ተመልከቺ። መጀመሪያ የምታዪው ቅጠል አይደለም፤ አንገቱን የደፋ ነጣ ያለ ክር ነው። ሁለት ሦስቱን እንዳየሽ ጆንያውን በዚያው ቀን አንሺ። ካሳደርሽው ብርሃን ፍለጋ ይመዘዙና ልፍስፍስ ብለው ይወድቃሉ።

ጥ፦ የኔ ካሮት ባለሁለት እግር፣ ባለሦስት እግር ሆኖ ነው የሚወጣው። ጎረቤት እየመጣ ይስቅብኛል። አፈሬ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ፍግ ግን አልሰሰትኩበትም።

መ፦ አልሰሰትኩም ያልከው ላይ ነው ጉዱ! ትኩስ ፍግ ለካሮት አይሆንም። ሥሩ ይከፋፈላል፣ ጸጉር ያበዛል፣ ቅጠሉ ብቻ ይንዠረገጋል። ፍጉ ወራት የቆየና በደንብ የበሰበሰ ይሁን። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ባለፈው ወቅት ለጎመን ፍግ ያደረግክበትን መደብ ለካሮት መስጠት ነው፤ ጎመኑ የተወው ይበቃዋል።

ዋልካው ሌላ ፈተና ነው። ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ካሮት ጠጠር ወይም ደረቅ ጓል ሲገጥመው ነው እግር የሚያወጣው። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ በብስባሽ አላላው፣ ጠጠሩን ልቀም፣ ከዚያ ወዲያ አትርገጠው። ዝርያም ቀይር። ናንቴስ ረዘም ያለ ስለሆነ ልል አፈር ይወዳል፤ ቻንተናይ ግን አጭርና ወፍራም ነው፣ ከባድ አፈር ይችላል።

ጥ፦ ችግኝ አፍልቼ ባዛውርስ?

መ፦ አይሆንም። ዋናው ሥር ሲነቀል ይጎዳል፣ የተጎዳው ደግሞ ይጣመማል። እዚያው ዘርተህ እዚያው አሳድገው።

ጥ፦ ቡቃያው ተጨናንቋል። አሳሺው ይሉኛል፤ መንቀል ግን አንጀቴ አልቻለም።

መ፦ ይቻል እንጂ! ካላሳሳሽው የምታገኚው የአይጥ ጅራት ነው። ቁመቱ ጣት ሲያህል በመሃላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ተዪ። በዚህ ዙር ከሥሩ በመቀስ ቁረጪ እንጂ አትጎትቺ፤ የሚቀረውን ያነቃንቀዋል። ከ3 ሳምንት በኋላ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አስፊው። ያኔ የሚወጡት ትንንሾች ለፎሶሊያ ይሆኑሻል።

ጥ፦ ክረምት ላይ ብዘራ ዝናቡ አያግዘኝም?

መ፦ በሐምሌ ዝናብ? ዘርህን ጎረቤት ጓሮ ነው የምታገኘው። አዲስ አበባ ላይ እኔ የምመርጠው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። አፈሩ የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ነው፣ ፀሐይም አለ። ከዚያ በኋላ ውሃው ያንተ ኃላፊነት ነው። ዛሬ አጥለቅልቀህ ሳምንት ሙሉ ከረሳኸው ካሮቱ ይሰነጠቃል። ካሮታችን ተተርትሮ ወጣ ያላችሁም መልሳችሁ ይኸው ነው።

ጥ፦ አናቱ አረንጓዴ ሆነብኝ። ይበላል?

መ፦ ይበላል። ፀሐይ አይቶ ነው። ስለሚመር አናቱን ቆርጠህ ጣል፤ መሬት ያሉትን አፈር አልብሳቸው።

ጥ፦ ፍልፈል! በቃ፣ ፍልፈል ጨረሰኝ።

መ፦ እግዜር ይድረስልዎ፣ እናቴ። በጭስና በበርበሬ ብዙ ሰው ሲታገል አይቻለሁ፤ አላምንበትም። መደቡን አንዴ ይቆፍሩና ከሥሩም በዙሪያውም ጠንካራ የሽቦ መረብ ያንጥፉ። ወጪ አለው። ካልሆነ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሥሩ የተበሳሳ በርሜል ወይም ወፍራም የማዳበሪያ ጆንያ ያስቀምጡና በእሱ ይዝሩ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም በረንዳ ላይ ይሄው ይሠራላችኋል።

ጥ፦ ጀርመን ነኝ። እዚህ ነጭ ካሮት የሚመስል ፓስቲናክ የሚሉት አለ። ትንሽ የአትክልት ቦታ ስለተከራየሁ ልሞክረው?

መ፦ ሞክረው። የካሮት ዘመድ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የባሰ ይጠይቃል። ለመብቀል እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ዘሩ ቶሎ ስለሚያረጅ በየዓመቱ አዲስ ግዛ። በጸደይ ዝራና ውርጭ እስኪመታው መሬት ውስጥ ተወው፤ ብርዱ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። አንድ ነገር አደራ፦ የቅጠሉና የግንዱ ፈሳሽ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል፣ ውሃ ያቋጥራል። ጓንትና እጅጌ ሙሉ ልብስ አድርግ።

ጥ፦ የኔ ካሮት ሦስት ወር ሊሞላው ነው። መድረሱን በምን ልወቅ?

መ፦ እንደ ዝርያው ከ75 እስከ 100 ቀን ነው። አናቱ አጠገብ ያለውን አፈር ገለል አድርገሽ ውፍረቱን እዪ። የአውራ ጣትሽን ውፍረት ካለፈ ንቀዪ። አፈሩ ጠንካራ ከሆነ ከዋዜማው አጠጪው፣ አለበለዚያ ቅጠሉ እጅሽ ላይ ይቀራል። ቅጠሉን ወዲያው ቁረጪው፤ ካልቆረጥሽው የካሮቱን ውሃ ይመጥና ያጠወልገዋል። በግ ካለሽ ለበጉ ስጪው።