«ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ ነው መቻል?

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላት «ፑት አፕ ዊዝ» (put up with) የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል «መታገሥ» ብሎ ይፈታዋል። ቤቱ ላሳደረኝ ሰው «ታንክ ዩ ፎር ፑቲንግ አፕ ዊዝ ሚ» ብለው ግር አለው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሰዋስውዎ ትክክል ነው። ያመሰገኑት ግን ስላሳደረዎ ሳይሆን ስለቻለዎ ነው፤ «ጠባዬን ችለህ ስለኖርክ አመሰግናለሁ» እንደ ማለት። ላሳደረ ሰው የሚባለው «ታንክ ዩ ፎር ፑቲንግ ሚ አፕ» ነው። «ዊዝ» ትወጣለች፣ «ሚ» ደግሞ በ«ፑት» እና በ«አፕ» መካከል ትገባለች።

ግርታው የመጣው «መታገሥ» ከሚለው ፍቺ ይመስለናል። በአማርኛ ትዕግሥት ያስመሰግናል። «ፑት አፕ ዊዝ» ግን ምሬት አለበት፦ የማይወዱትን ነገር፣ መለወጥ ስላልቻሉ ወይም ስላልፈለጉ፣ ተሸክሞ መኖር ነው። የሚቀርበው የአማርኛ ቃል «ስንቱን ችዬ ኖርኩ!» ስንል ያለው «መቻል» ነው። ስለዚህ «አይ ፑት አፕ ዊዝ ማይ ብራዘር» ያለ ሰው ራሱን ታጋሽ ብሎ አላመሰገነም፤ ወንድሙን አስቸጋሪ ብሎታል። ትዕግሥትዎን ብቻ መግለጽ ከፈለጉ «አይ አም ፔሸንት ዊዝ ማይ ብራዘር» ይበሉ።

«ካንት ስታንድ» ከሚለውም ይለያል። እሱ ስሜትን ይናገራል፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ግን የሚያደርጉትን። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጣሉ ይገባሉ፦ «አይ ካንት ስታንድ ዘ ኖይዝ፣ በት አይ ፑት አፕ ዊዝ ኢት» (ጫጫታውን አልወደውም፣ ግን ችዬዋለሁ)።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ሦስቱን ቃላት መነጣጠል ነው። «ፑት ኢት አፕ ዊዝ» አይባልም፤ ተሳቢው ሁልጊዜ ከ«ዊዝ» በኋላ ይመጣል። «ዊዝ»ን ከጣሉም ትርጉሙ ይጠፋል፦ «ፑት አፕ ኤ ፖስተር» ፖስተር መለጠፍ ነው። ግስ ሲከተል በ«ኢንግ» ይጨርሳል፦ «ፑት አፕ ዊዝ ዌይቲንግ»፤ «ቱ ዌይት» ስህተት ነው። ጥያቄ ሲሆን «ዊዝ» መጨረሻ ላይ ትቀራለች፦ «ዋት ዱ ዩ ፑት አፕ ዊዝ?»። «ፑት» በኃላፊ ጊዜም አይለወጥም፤ «ሂ ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ከተባለ ያለ «ስ» ስለሆነ ያለፈ ነገር ነው፣ የአሁኑ «ሂ ፑትስ» ይላል።

በነገራችን ላይ «ዊዝ» በ«ቱ» ከተተካ ነገሩ ሌላ ነው፦ «ሂ ፑት ሚ አፕ ቱ ኢት» ማለት «ጥፋቱን እንድሠራ የገፋፋኝ እሱ ነው» ማለት ነው።