ከመተግበሪያው በፊት የማኅበሩን ደብተር ማየት

ውድ ጠያቂያችን፣

በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሽ በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ተመልሰሽ በሰሜን ሸዋ ላለው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ጎብኚዎች የሞባይል መተግበሪያ መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰቦችሽ ግን «ተምሮ ወደ ገጠር መመለስ ኪሳራ ነው» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። መመለስሽን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ከመተግበሪያው መጀመርሽን ግን አልደግፍም።

ጓሳን ለዛሬ ያበቃው የነዋሪው ሥርዓት ነው። ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈልገውን የጓሳ ሣር ለዓመታት እየከለለ፣ በስምምነት ሲከፈት ብቻ እያጨደ በመኖሩ፣ ጭላዳውም ሆነ በአገራችን እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኘው፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩም ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ መጠለያ አላጡም። የምትሠሪው ቴክኖሎጂም ይህንኑ ሥርዓት የሚያግዝ መሆን ይኖርበታል።

በሌላ አካባቢ የማውቀው አንድ የአስጎብኚዎች ማኅበር ያማረ ድረ ገጽ ተሠርቶለት ነበር። የይለፍ ቃሉን የያዘው ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ ከተማ ሲሄድ ግን ድረ ገጹን የሚያድስ ሰው ጠፋ፤ ጎብኚዎች በአሮጌ ዋጋ ተስማምተው እየመጡ ከበቅሎ አከራዮቹ ጋር ይጨቃጨቁ ጀመር። ያን ጊዜ ማኅበሩን ከችግር ያወጣው፣ የአስጎብኚውን፣ የበቅሎ አከራዩንና የምግብ አብሳይዋን ተራ ቀን በቀን የሚያሰፍረው ባለ መስመር ደብተር ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት በአካባቢሽ ካለው የአስጎብኚዎች ማኅበር ደብተር ያዥ ጎን ተቀምጠሽ አሳልፊ። ከዚያ በኋላ ኔትወርክ በሌለበት የሚመዘግብ፣ ከተማ ሲደረስ መረጃውን የሚልክ ቀላል ሥርዓት ሥሪ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ፣ ክፍያው በማኅበሩ ስም ቢገባ የእያንዳንዱ አባል ድርሻ በግልጽ ይታያል። የምትሠሪው ሥርዓትም ሆነ የክፍያው ሂሳብ ባለቤት ማኅበሩ መሆኑን በጽሑፍ ተዋዋዪ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፦ በስልክ የሚነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ የጂፒኤስ መረጃ ይዞ ሊቀር ስለሚችል፣ የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ያለበትን ሥፍራ የሚጠቁም ምስል ፈጽሞ እንዳይለጠፍ አድርጊ። ነፃ የካርታ ሶፍትዌር የሆነውን ኪውጂአይኤስን ብትማሪ ደግሞ የጥበቃ ሠራተኞች ቅኝት የት የት እንደደረሰ ማሳየት ትችያለሽ፤ ይህ ሙያ ከቱሪዝም ውጭም ይፈለጋል።

ስለ ገቢው የቤተሰቦችሽ ስጋት ተገቢ ነው። አንድ ማኅበር ብቻውን ደመወዝሽን ሊሸፍን ስለማይችል፣ በርቀት የሚሠራ የፕሮግራም ሥራ ያዢ፤ አገልግሎትሽንም ለበርካታ ማኅበራት በዓመታዊ ውል አቅርቢ። አሁን ግን የማኅበሩን የአምና ደብተር ለማየት ፈቃድ ጠይቂና በየትኛው ወር ጎብኚ እንደበዛ፣ ተራ የተዛባውም መቼ እንደሆነ ለይተሽ ጻፊልኝ።