«የምኒልክ ብር» ብሎ ሐሰተኛ ሸጠልኝ፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ በቴሌግራም ሦስት የዳግማዊ ምኒልክ ብርና አንድ ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ ብር) ገዛሁ። 48 ሺህ ብር በባንክ ላክሁለት፤ ዕቃው ሐዋሳ ድረስ በመኪና መጣልኝ። «ከአያቴ የወረስኩት ነው፤ ኦሪጅናል ነው፤ ማርትሬዛው በ1780 የተሠራ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ከሳምንት በኋላ ወርቅ ቤት ሳሳይ ሦስቱ ምኒልኮች ብር አይደሉም፣ ማርትሬዛው ግን ብር ነው አሉኝ። ስደውልለት «እኔም አላወቅኩም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። አሁን ስልኬን አያነሳም። አንዱን አሜሪካ ላለው ወንድሜ ልልክለት ነበር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። «አላወቅኩም» ማለቱ ከፍትሐ ብሔር ኃላፊነት አያድነውም። ይህን የማስቀድመው፣ ብዙ ሰው «ማወቁን ማስረዳት ካልቻልኩ ምንም የለኝም» ብሎ መብቱን ሲተው ስለማይ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር ለመስማማቱና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው። የምኒልክ ብር ብሎ ሌላ ብረት ካስረከበ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ የገባውን ቃል አልፈጸመም። «የተሸጠ አይመለስም» የሚለውም ቢሆን፣ ጉድለቱን አውቆ ደብቆ ከሆነ አይጠቅመውም።

ማወቁ ወሳኝ የሚሆነው በወንጀሉ በኩል ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነት በቀላል እስራት፣ እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። ግን ሆን ብሎ ማታለሉ መረጋገጥ አለበት። ከዚሁ ሰው ተመሳሳይ ዕቃ የገዙ ሌሎች ሰዎች ካሉ ያፈላልጉ። «የአያቴ ነው» የሚለውን ታሪክ ለአምስት ሰው ከነገረ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

አሁን ጊዜው ያሳስበኛል። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ካሳወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ሻጩ ሊያታልል አስቦ ከሆነ ብቻ ነው ይህ ገደብ የማይሠራው። እርስዎ የነገሩት በስልክ ነው፤ ነገ «አልነገረኝም» ቢል ምን ይዘው ይከራከራሉ? ዛሬውኑ በጽሑፍ ይላኩለት፦ ምን እንደገዙ፣ ምን ጉድለት እንዳገኙ፣ ገንዘቡን እስከ መቼ እንዲመልስ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። በቴሌግራም ሌላው ወገን የተጻጻፋችሁትን ከእርስዎም ስልክ ላይ ጭምር ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ ስክሪንሾት ያንሱ፤ «ኦሪጅናል ነው» ያለበት መልእክት ከነስሙና ከነቀኑ ይታይ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት የኤሌክትሮኒክ መልእክት ማስረጃ መሆን ይችላል። ስልኩንም አይቀይሩት። የባንኩን ደረሰኝ አጥብቀው ይያዙ፤ የሻጩን ትክክለኛ ስም የሚያገኙት ከዚያ ነው።

ሳንቲሞቹን ማንም እንዳይቆርጥና እንዳያቀልጥ። ውሉ ሲፈርስ እርስዎም የተቀበሉትን ይመልሳሉ። ሳይጎዱ መፈተሽ ይቻላል። ፓሪስ የተመታው ባለ አንድ ብሩ የምኒልክ ሳንቲም 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ1000 እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ነው። ውሃ ያለበት ብርጭቆ በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ። ሳንቲሙን በክር አስረው ጠርዝና ታች ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉ። እውነተኛው 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል። ናስ ቢሆንና ያንኑ 28 ግራም ቢመዝን ከ3 በላይ ይሄዳል። ማግኔት ከሳበውማ ሐሰተኛ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የማይስብ ሁሉ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስም አይሳብም። ጠርዙ ላይ የመገጣጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ጉድጓዶች ካሉ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው። የወርቅ ቤቱን ባለሙያ ያየውን ጽፎ እንዲፈርምልዎ ይጠይቁት፤ ፍርድ ቤትም ካስፈለገ ባለሙያ ሊሾም ይችላል።

ማርትሬዛው ለብቻው መታየት አለበት። 1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሳንቲሙ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርም። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን ውሸት ሊሆን ይችላል። ዋጋ የጨመሩበት በዕድሜው ምክንያት ከሆነና ሻጩ አውቆ ከዋሸ፣ በአንቀጽ 1704 በተንኮል የተደረገ ውል ነው ብለው መከራከር ይችላሉ። ለዚህም ማስረጃው ያው መልእክቱ ነው።

ከኪሳራዬ ልውጣ ብለው ሐሰተኞቹን «የምኒልክ ብር» ብለው ለሌላ ሰው እንዳይሸጡ አደራ። አሁን እያወቁ ስለሆነ አንቀጽ 692 ወደ እርስዎ ይዞራል። ፎቶውን «ሌባ» ብለው መለጠፍም ይቅርብዎ፤ የስም ማጥፋት ክስ ሊያመጣብዎ ይችላል።

ወንድምዎን በሚመለከት፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ማርትሬዛውንም ሆነ ወደፊት የሚያገኙትን እውነተኛ የምኒልክ ብር ለመላክ ሲያስቡ፣ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ወስደው ያስመርምሩና የጽሑፍ ማረጋገጫ ይያዙ።